ሸማ ተራን በግልባጭ መቅረጽ

የመጀመሪያውን ሳንቃ ያበላሸሁት በአንዲት ፊደል እግር ነው። “ሸማ ተራ” ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ፤ መሮዬን አንስቼ ግማሽ ቀን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ቀረጽኩ፤ ቀለም ቀብቼ ወረቀት አለበስኩት። ወረቀቱን ከአንዱ ጥግ ይዤ ስገልጠው ቃሉ ከኋላ ወደ ፊት ዞሯል። ይህስ ይገባኛል፤ ማኅተም ሁሉ ይገለብጣል። ያስደነገጠኝ ግን በስተቀኝ በኩል ደምቆ የወጣው “ሞሸ” ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ቢገለበጥም ያው ሸ ነው። ማ ግን እግሩ በስተቀኝ ነው፤ ሲገለበጥ እግሩ በስተግራ ይሆናል፤ እግሩ በስተግራ የሆነ መ ደግሞ ሞ ነው። እንደዚሁ ባ ተገልብጦ ቦ፣ ሳ ተገልብጦ ሶ ይሆናል። የእነዚህ ፊደሎች ራብዕ ሳብዕ ይሆናል ማለት ነው። ካዕብና ሣልስ ደግሞ በስተቀኝ የምትወጣ ምልክታቸው ወደ ግራ ስትሄድ ከየትኛውም ፊደል ጋር የማይገጥሙ ባዕድ ይሆናሉ። ፊደል ስቆጥር ላደግሁት ለእኔ ይህን ያስተማረኝ የኔታ ሳይሆን አንድ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምጽፈውን ሁሉ መጀመሪያ ስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ አሰፍራለሁ። ወረቀቱን በግንባሩ ሳንቃው ላይ አስተኝቼ ጀርባውን በጥፍሬ እፈትገዋለሁ፤ እርሳሱ ተገልብጦ እንጨቱ ላይ ይቀመጣል። መሮው የሚከተለው ያንን ግልባጭ ነው። ሲታተም ዳግም ይገለበጥና ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ቦታም እንዲሁ ነው። በረንዳው በስተቀኝ ከነበረ ሳንቃው ላይ በስተግራ ይቀረጻል። የሰፈር ታሪክ በህትመት ለማሳየት የተነሳ ሰው ሰፈሩን መጀመሪያ ከጀርባው ማወቅ አለበት።

የአዲስ አበባን ትልቁን ገበያ፣ መርካቶን፣ ከነሸማ ተራው በእንጨት ህትመት ኤግዚቢሽን ለማሳየት ከተነሳሁ ቆይቻለሁ። እያንዳንዱ ተራ አንድ ሳንቃ፣ እያንዳንዱ ሳንቃ ሃያ አምስት ወረቀት። ስለ ኤግዚቢሽኑ የሚጠይቁኝ ሰዎች ግን በአብዛኛው “ሥዕል ነው? ፎቶ ነው? በማሽን ነው?” ይሉኛል። ስለዚህ ስለ ራሱ ስለ ሙያው ልናገር። በአገራችን ሙያው ዕድሜው አጭር አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የእንጨት ህትመት ከሳንቃ ላይ እየቀነሱ የሚሠሩት ሥራ ነው። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን ትቆፍራላችሁ፤ ጥቁር እንዲሆን የምትፈልጉትን ትተዋላችሁ። ቀለም የያዘው ሮለር የሚቀባው ከፍ ብሎ የቀረውን ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ከባድ ሕግ አለ፦ የተነሳ እንጨት አይመለስም። ቀለም ቀቢ የተሳሳተውን ደርቦ ይሸፍነዋል፤ ደራሲ ይሰርዛል፤ ቀራጭ ግን አንዴ መሮው ከሄደ ሄደ ነው።

እንጨቱን የምገዛው እዚያው መርካቶ ነው። ዋንዛ ለመቅረጽ ደግ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ የማይሰነጠቅ፣ ከበሮም ሙቀጫም የሚወጣለት እንጨት። ጥድም ጥሩ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር አለው፤ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ሰፊና ወጥ ሳንቃ ግን ከሁለቱም በቀላሉ አይገኝም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ወይራ መሮ ይሰብራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ኮምፔርሳቶ ነው። ቃሉ ከጣልያኖች የቀረ ነው፤ ሳንቃውን የምይዝበት ሞርሳ፣ ሚስማር የምነቅልበት ፒንሳ፣ የገበያው የራሱ ስም መርካቶ ሁሉ ከእነሱ የቀሩ ናቸው።

ሻጩ መጀመሪያ “ለበር ነው ለቁም ሳጥን?” ይለኛል።

“ለሥዕል ነው፣ ወንድሜ።”

“ለሥዕል ከሆነማ ቆይ።” ከተደረደረው መሀል አንዱን ይስብና በጣቱ መገጣጠሚያ ይቆረቁረዋል። “ይሄ ሆዱ ባዶ ነው። ስትቦረቡሪው ይፈረካከስብሻል። ይሄኛውን ውሰጂ።”

ጆሮውን አምናለሁ። ኮምፔርሳቶ ስስ ስስ ቅጠል እየተደራረበ የተጣበቀ ነው፤ መሀሉ ላይ ክፍተት ካለ መሮው እዚያ ሲደርስ የላይኛው ቅጠል ይገነጠላል። እኔ ይህን ለመለየት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሱ በአንድ ቁርቆራ ይለየዋል።

መሮዎቼ ደግሞ ከምናለሽ ተራ ናቸው። ቀጭኑን መስመር የምቆፍርበት ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣ ሽቦ ነው። የጃንጥላ የጎድን አጥንት ውስጡ ቦይ አለው፤ ጫፉን በሞረድ አሹለው እጀታ ቢያበጁለት ፀጉር የሚያህል መስመር የሚያወጣ መሮ ይሆናል። ምናለሽ ተራን የማያውቅ ቢኖር፦ ከተማው የጣለው ሁሉ የሚሰበሰብበት፣ የሚፈታበት፣ የሚቀጠቀጥበት፣ ሌላ ነገር ሆኖ የሚሸጥበት ነው። ቆራሌው “ቆራሌው!” እያለ ከየበሩ የሰበሰበው ጆንያ ብዙውን ጊዜ መድረሻው እዚያ ነው። ስሙም ገዢው “ምን አለሽ?” እያለ ከመጠየቁ የመጣ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሳላነሳ አላልፍም። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ፣ በሽቦና በኮምፒውተር ቁልፎች በሚሠራቸው ግዙፍ ሥራዎቹ ነው፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል። የእሱ ቁሳቁስ ከዚሁ ከምናለሽ ተራ የሚለቀም ነው። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመረቅ ግን ያጠናው ግራፊክ አርት ነበር። ሥራዎቹን ቀርቤ ሳያቸው የአታሚ እጅ ይታየኛል፤ ትንሽ ምልክት አንድ በአንድ፣ ደጋግሞ፣ ሺህ ጊዜ መደርደር።

ሙያው ወደ እኛ በምን መንገድ መጣ? ቃሉን ስናየው ሩቅ አይደለም። ህትመት፣ ማኅተም፣ ማተም አንድ ሥር አላቸው። ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት ላይ የመስቀል ቅርጽ የሚታተመው በማተሚያ ነው። የነገሥታት ደብዳቤ በማኅተም ይጸድቅ ነበር። የግዕዝ ፊደል ራሱ በማተሚያ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ከዚያ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ ላይ በ1914 ዓ.ም. እስኪቋቋም አራት መቶ ዓመት ያህል አለፈ።

ሥዕልን በእንጨት ላይ ቀርጾ በወረቀት ማብዛት ግን እንደ ትምህርት የገባው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በኩል ነው። አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. መሠረቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሐንሰን ባሂያ መጣ። ይህ ሰው ሐምቡርግ የተወለደ ጀርመናዊ ነው፤ ብራዚል ሄዶ ባሂያ የተባለውን ግዛት እጅግ ከመውደዱ የተነሳ ስሙ ላይ የጨመረው የእንጨት ህትመት ሊቅ። እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ አዲስ አበባ አስተማረ፤ ከዚያም ወደ ብራዚል ተመለሰ። የቆየው ጥቂት ዓመት ነው፤ የተከለው ግን ጸደቀ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 አዲስ አበባ የተወለደው ዘሪሁን በመጀመሪያ ስሙን ያገነነው በእንጨት ህትመት ነው፤ በዚያው ትምህርት ቤትም ግራፊክስ አስተምሯል። በኋላ ቀርከሃ ሰንጥቆ ጎን ለጎን እየሰፋ፣ የሸማኔን መሣሪያ በሚያስታውስ ሰሌዳ ላይ መሣል ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የዳካር ቢዬናሌ ተሸላሚም ሆነ። እኔ ዘሪሁንን የምወደው ለዚህ ነው፦ መሮውን ቢያስቀምጥም እንጨቱን አልተወም። ቀለሙ በቀርከሃው ስንጥቅ መሀል ሲያልፍ ልክ እንደ ህትመት የእንጨቱ መስመር ይናገራል።

ከእኛ ዘመን ደግሞ ኤፍሬም ሰለሞን አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ግራፊክስ የተማረው በእንጦጦ ቴክኒክና ሙያ ነው። የእንጨት ቅርጽን ከጋዜጣ ቁራጭ ጋር ያዋህዳል፤ ሥራዎቹ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ናቸው። ወንበርና ነጠላ ጫማ ደጋግሞ ያሳያል፤ ሰው የሌለበት ወንበር፣ ባለቤቱ ያወለቀው ነጠላ ጫማ። ሥራዎቹ ለንደን ድረስ ታይተዋል። የእሱን ሥራ ካየሁ በኋላ የሰፈር ታሪክ የግድ በሐውልትና በሕንፃ መነገር እንደሌለበት ገባኝ። አንድ ዱካ ይበቃል።

ስለ መርካቶ ታሪክ ስናገር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አልደግምም፤ ለሳንቃዎቹ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ከተማውን በዘር ሊከፍል ተነሳ፤ ነጮቹ አራዳንና አካባቢውን እንዲይዙ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተወሰነ። ለአገሬው ተብሎ የተለየውን ገበያ “መርካቶ ኢንዲጄኖ” አሉት። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም። ሊያገልሉን ያወጡልን ቦታ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ። “አዲስ ከተማ” የሚለው ስምም ያኔ አዲስ ከመሆኑ ነው የመጣው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን “አይ መርካቶ” ብሎ የገጠመላት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለእኔ የመርካቶ ታሪክ በተራዎቹ ስም ውስጥ ነው። ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ፣ አብዱ በረንዳ፣ አመዴ፣ ሰባተኛ። የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ቅዳሴ የሚሰማበት አንድ ሰማይ። “ተራ” የሚለው ቃል ራሱ ወረፋም ነው፣ ረድፍም ነው፣ ተራ ሰውም ነው። ስሙ የሚቆየው ዕቃው ከቆየበት በላይ ነው፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ዕቃ የማይሸጥበት ተራ አለ። ነጋዴዎች አክሲዮን እየሆኑ ፎቅ ሲሠሩ ቆርቆሮ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ከፎቁ ሥር ግን ያው የተራው ስም ይነገራል። ሳንቃዬ ላይ የማሰፍረው ያንን ስምና ስሙ የተነሳበትን ነገር ነው።

ወደ ሸማ ተራ ልመለስ፤ ትምህርቴ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ ታላቅ እሳት ተነሳ። ያን ምሽት ጭሱን ያየ አይረሳውም። ከዚያ በኋላ ሰዎች “የእሳቱን ሥዕል አትሠሪም ወይ?” ሲሉኝ ሰነበቱ። የእንጨት ህትመት ለእሳት የተመቸ ነው፤ ጥቁሩ ራሱ ከሰል ይመስላል። አልሠራሁትም። እሳቱን ሁሉም በስልኩ ቀርጾታል። ያልተቀረጸው ከእሳቱ በፊት የነበረው ነው፤ ሱቆቹ በምን ይከፈቱ እንደነበር፣ ነጠላው እንዴት ይታጠፍ እንደነበር፣ ጥለቱ ወደየትኛው ወገን ወጥቶ ይሰቀል እንደነበር።

ረቂቁን በእርሳስ ሠርቼ ለአንድ ሽማግሌ ወሰድኩት። ሸማ በመሸጥ ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩት።

“ልጄ፣ መደቡን የት ጣልሽው?”

“የቱን መደብ፣ አባባ?”

“መዝጊያዋን ነዋ! በር ብለሽ የሣልሻት እኮ በር ብቻ አይደለችም። ጠዋት ወደ ውጭ እናወርዳታለን፤ ሁለት እግር እናቆምላታለን፤ መደብ ትሆናለች። ሸማው እሷ ላይ ይዘረጋል። ማታ እናነሳታለን፤ መዝጊያ ትሆናለች።”

“ማጠፊያዋ ከላይ ነው ከታች?”

“ከታች! ከላይማ ከሆነ ጥላ ነው እንጂ መደብ አይሆንም።” ከዚያ እርሳሴን ተቀብለው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሁለት ነጥብ አኖሩ። “እዚህና እዚህ። ጥቁር ብረት ነበረች። ስትከፈት ትጮሃለች። ጎረቤቴ መድረሴን በእሷ ነው የሚያውቀው።”

ያ ረቂቅ ወረቀት በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሳንቃው ቢሆን ኖሮ ያቺ መዝጊያ ቆማ እንደ በር ትቀር ነበር፤ የተቆፈረውን መልሶ መሙላት የለምና። ስለዚህ ልማድ አደረግሁት፦ ከየተራው ሦስት ሰው ሳያየው መሮ አላነሳም። አንዳንዴ ሦስቱ አይስማሙም። አንዱ ምሰሶው እንጨት ነበር ይላል፣ አንዷ ብረት ነበር ትላለች። ያኔ ምሰሶውን ሙሉ በሙሉ ጥቁር እተወዋለሁ፤ ጥቁር ውስጥ እንጨትም ብረትም ይኖራል። ይህ ማምለጫ አይመስለኝም። ባልተስማማንበት ቦታ ላይ መሮ አለማሳረፍ የሙያው ሐቀኝነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀረጻው አልቆ ህትመቱ ሲጀመር ደስታው ሌላ ነው። ቀለሙ የማተሚያ ቤት ጥቁር ቀለም ነው፤ ወፍራም፣ እንደ ዝፍት የሚሳብ። መስታወት ላይ ጥቂት ጠብ አድርጌ በሮለር ወዲያና ወዲህ አሰራጨዋለሁ። የሚፈለገውን ያህል መሳሳቱን የምለየው በጆሮዬ ነው። ሲበዛ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ እግር ይጮሃል፤ ልክ ሲሆን ሊጥ የጋለ ምጣድ ላይ ሲዞር የሚያሰማውን “ሽሽሽ” ያሰማል። ያን ድምፅ ስሰማ ሮለሩን ወደ ሳንቃው እወስዳለሁ።

ማተሚያ ማሽን የለኝም። ማሽን ያለው ሰው በፍጥነት ይሠራል፤ እኔ በማንኪያ ነው። ወረቀቱን ሳንቃው ላይ በጥንቃቄ አስተኝቼ በማንኪያ ጀርባ ከመሀል ወደ ዳር እያዞርኩ እፈትገዋለሁ። መዳፌ በወረቀቱ ውስጥ ያሉትን ጉድጓዶች ያውቃቸዋል፤ እዚህ የአባባ ማጠፊያ፣ እዚህ የነጠላው ጥለት። አንዱን ጥግ ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ ካልጠቆረ መልሼ እፈትገዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወረቀቶች ሁልጊዜ ገርጣ ይላሉ፤ እንጨቱ ራሱ ቀለም መጠጣት አለበት። ከአራተኛው በኋላ ይስተካከላል። አንድ ወረቀት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሃያ አምስቱ ከእነ ማድረቂያው ቀናት።

የሸማ ተራውን ሳንቃ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በአቡጀዲም አትሜዋለሁ። አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲወጣ የተለሰነ ነው፤ ካልታጠበ ቀለሙ ላዩ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ታጥቦ፣ ሳይደርቅ ትንሽ ርጥበት እያለው ሲታተም ግን ይጠጣዋል። በእጅ የተፈተለ ሸማ ላይም ሞክሬ ነበር፤ ድሩና ማጉ ወጣ ገባ ስለሆነ መስመሩ ይቆራረጣል። በሸማው ላይ የወጣው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ጥርት ያለ አይደለም፣ ከሁሉ ግን የምወደው እሱን ነው።

ከታተመ በኋላ እያንዳንዱ ወረቀት ከግርጌው በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበታል። 3/25 ማለት ከሃያ አምስቱ ሦስተኛው ማለት ነው። ፎቶ ኮፒ አይደለም፤ ሁሉም አንድ በአንድ በእጅ የታተሙ ናቸው፤ ሁሉም እኩል ዋና ናቸው። በሌላው ዓለም ብዙ አታሚዎች ቁጥሩ ሲሞላ ሳንቃውን በመሮ ይሰርዙታል፤ ሌላ እንዳይታተምበት። የገዢን እምነት ለመጠበቅ ነውና ምክንያቱ ይገባኛል። እኔ ግን ሸማ ተራን ቀርጬ መልሼ ልሰርዝ አልችልም። ከሃያ አምስት ወረቀት በላይ እንደማላትም ቃሌን ሰጥቼ ሳንቃውን እንዳለ አቆየዋለሁ፤ ኤግዚቢሽኑ ላይም ከወረቀቱ ጎን ይቆማል። ሰው መጥቶ በጣቱ ይዳስሰው፤ ማ እንዴት ሞ ሆና እንደተቀረጸች ይይ።

ሰፈርን በህትመት መተረክ የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓናዊው ሂሮሺጌ የዛሬዋን ቶኪዮ፣ የያኔዋን ኤዶ፣ ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ድልድይ በድልድይ፣ ገበያ በገበያ ከመቶ በላይ አድርጎ አወጣት። ሥራው የጀመረው ከተማዋ በርዕደ መሬት በተጎዳች በዓመቱ ነበር። እሱ ይሥላል፣ ሌላ ባለሙያ ይቀርጻል፣ ሌላ ያትማል፤ ሕዝቡ ደግሞ በርካሽ ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ከአፍሪካም ናሚቢያዊው ጆን ሙአፋንጌጆ አለ፤ ሊኖ በተባለ ለስላሳ ንጣፍ ላይ የሰፈሩንና የሕዝቡን ታሪክ ከጽሑፉ ጋር አንድ ላይ ይቀርጽ ነበር። ቃላቱ በሥዕሉ ባዶ ቦታ ሁሉ ይገባሉ። የተራ ስሞችን ሳንቃው ውስጥ ለማስገባት ድፍረት ያገኘሁት ከእሱ ነው።

የት ይሰቀላል የሚለው ነው አሁን የሚያሳስበኝ። ጋለሪ ጥሩ ነው፤ ብርሃኑ የተስተካከለ፣ ግድግዳው ነጭ። ግን የሸማ ተራ ሰው ሱቁን ዘግቶ ለሥዕል ብሎ ሌላ ሰፈር አይሄድም፤ ዘግቶ ቢሄድ የዕለት ገቢው ቀረ። ስለዚህ መጀመሪያ መሰቀል ያለበት መርካቶ ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ነው። ነጠላ በሚሰቀልበት ገመድ፣ በልብስ መቆንጠጫ፣ ሰው በሚያልፍበት። ወዛደር ተሸክሞ “መንገድ! መንገድ!” ሲል ዘወር እየተባለለት። ወረቀት ይቆሽሻል፣ ነፋስ ይወስደዋል ይሉኛል። ይቆሽሽ። ሃያ አምስት ያተምኩት አንዱ ቢቆሽሽ ሌላው እንዲተርፍ ነው፤ ህትመት የሚባል ነገር የኖረውም ለዚሁ ነው። ከየሳንቃው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጂዎች ለረቂቁ ምስክር ለሆኑት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አይሸጡም።

ለአባባ የወሰድኩላቸው 1/25 ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ማጠፊያዋ ላይ አሳረፉ፤ ቀለሙ ደርቋል፣ አልለቀቀም።

“አልጮኸችም” አሉኝ።

“ድምፁን መቅረጽ አልቻልኩም፣ አባባ።”

“ግድ የለም። ሲያዩዋት ይሰማል።” ጠቅልለው ከነጠላዎቹ መሀል፣ ዕቃው ከማይበላሽበት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጧት።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የበርበሬ በረንዳ ሳንቃ ነው። ገና በእርሳስ ነው። ጆንያዎቹን ሠርቻለሁ፤ ሚዛኑን፣ ሻሽ ያሰሩትን ሴቶች፣ ከቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን። ያቃተኝ አየሩ ነው። እዚያ ገብቶ የማያስነጥስ የለም፤ የበርበሬው ብናኝ ብርሃኑ ውስጥ ይታያል፤ እሱን በጥቁርና በነጭ እንዴት አድርጌ እንደምለው አላወቅሁም። በጃንጥላው ሽቦ ነጥብ ነጥብ ባደርገው ዝናብ ይመስላል ብዬ ፈራሁ። ነገ ጠዋት ረቂቁን ይዤ እሄዳለሁ፤ እዚያ ለሚቀመጡት ለእማማ አሳያቸዋለሁ፤ ፀሐይ በየትኛው ወገን እንደምትገባና ብናኙ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚታይ እጠይቃቸዋለሁ።